ሞገድ ያማራቸው የአቃቂ ልጆች

"አባ ሳሙኤል ላይ ብንሞክረውስ?"

ጥያቄው የአንድ የአቃቂ ወጣት ነው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ሲሆን ቃሊቲ ውስጥ ጋራዥ ይሠራል። ስልኩ ላይ ያየው ነገር ልቡን ሰርቆታል። አንድ ጎረምሳ ከቁመቱ የሚበልጥ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ ከደሴት ዳር የሚነሣውን ሞገድ እንደ ፈረስ ሲጋልበው! ከፊቱም ከኋላውም ሰው የለም። እሱና ውኃው ብቻ። ሰርፊንግ ይሉታል። ታዲያ ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተማክሮ አንድ ሰፊ ጣውላ አስልጓል። የቀረው ውኃው ነው። ለአቃቂ ልጅ ደግሞ ቅርቡ ሰፊ ውኃ አባ ሳሙኤል ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሦስቱም ዋና አይችሉም።

ወጣት አንባቢያን፣ አምሮት ነውር አይደለም። "የሐበሻ ልጅ ከሞገድ ጋር ምን አገናኘው?" እያልን ልናሾፍም አልተነሣንም። ነገር ግን አምሮት ወዴት እንደሚወስድ ሳያውቁ መከተል ጣጣ አለው። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የባሕሩ ዕቃ እንጂ ባሕሩ አልመጣም

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ጋር ዝምድና የለውም ያለ ሰው ሰፈሩን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር በአቃቂ በኩል ነበር የሚያልፈው። ስንትና ስንት ዘመን የባሕር ማዶ ዕቃ በዚያ ሐዲድ ገብቷል። ዛሬም ቢሆን ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ የመጣ ከባድ መኪና ቃሊቲ ውስጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ሾፌሮቹን ሻይ ቤት ስታገኟቸው ስለ ጅቡቲ ሙቀትና ስለ መርከቡ ያወሯችኋል።

ባሕሩ ራሱ ግን ሩቅ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም። ምጽዋ ወርደው በጨው ውኃ የታጠቡ ሰዎች ዛሬ ጠጉራቸው ሸብቷል። ለዛሬው ወጣት ባሕር ማለት ፊልም ነው፣ ስልክ ነው፣ ወይም ዐረብ አገር ደርሳ የተመለሰች እህት የምታወራው ወሬ ነው። እንግዲህ ሞገድ ቢያምረው ምን ይገርማል?

ለመሆኑ ያ ሞገድ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ሞገድ ባሕሩ ዳር ላይ የሚወለድ ይመስለዋል። አይደለም። የሚጋለበው ትልቅ ሞገድ የሚወለደው ከዳርቻው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ውቅያኖስ መሐል በሚነሣ አውሎ ነፋስ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ ረጅም ሰዓት በነፈሰና ሰፊ ውኃ ላይ በሮጠ ቁጥር ሞገዱ ይተልቃል። ከዚያ ለቀናት ይጓዛል። ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ሲደርስ እግሩ መሬት ይነካና ይቀንሳል፤ ራሱ ግን መሮጡን አይተውም። ሞገድ ተሰበረ የሚባለው ይኼኔ ነው።

ሰርፈሮች የሚሞቱለት ደግሞ የባሕር ዳር አፍንጫ ነው። መሬቱ እንደ አፍንጫ ወደ ባሕር ሾጠጥ ብሎ ሲገባ፣ ሞገዱ ያንን ጫፍ እየዞረ ከአንድ በኩል ጀምሮ በተራ በተራ ይሰበራል። ባንድ ጊዜ ዷ ብሎ አይወድቅም። በመሆኑም ጋላቢው እየተሰበረ ከሚከተለው ነጭ አረፋ ፊት ፊት እየሸሸ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ደሴት ደግሞ ዙሪያው ውኃ ስለሆነ እንዲህ ያለ አፍንጫ አይጠፋውም።

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ሴኔጋልን ተመልከቱ። ዳካር አጠገብ ንጎር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከባሕሩ ዳር በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ብትቀዝፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለእይታ የበቃው "ዘ ኤንድለስ ሰመር" የተባለው ፊልም ሞገዷን ለዓለም አሳየ። የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም የሰርፊንግ ውድድሩን ያካሄደው ፓሪስ አይደለም። ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በምትገኘው በታሂቲ ደሴት፣ ቲያሁፖ በተባለ መንደር ነው። ሞገድ ወደ ከተማ አይመጣማ! ከተማው ወደ ሞገዱ ይሄዳል።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። አባ ሳሙኤል ላይ ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ የለም። ሜዳ ከሌለ ሞገድ የለም። ልጆቹ ጣውላቸውን ይዘው ቢወርዱ የሚያገኙት የረጋ ውኃ ነው። የረጋ መሆኑ ግን ማንንም አያታልል።

ባዶ ውኃ ሁለት ዓይነት ነው

ለሰርፈር ትልቁ ምኞት ሰው ያልተጋፋበት ውኃ ነው። ታዋቂ ቦታ ላይ አንዱን ሞገድ ሃያ ሰው ይጠብቀዋል። ሕግ አላቸው፦ ሞገዱ ከሚሰበርበት ቦታ ይበልጥ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ሌላው ይጠብቃል። ሕጉን የጣሰ ይሰደባል፣ አንዳንዴም ይመታል። ስለዚህ ማንም የሌለበትን ዳርቻ ፍለጋ ደሴት ለደሴት ይንከራተታሉ።

የእኛው አባ ሳሙኤልም ባዶ ነው። የሚዋኝበት አታዩም። ባዶ የሆነው ግን ተደብቆ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣ ብላችሁ ስታዩት መጀመሪያ ያምራል። ግድቡ በ1930ዎቹ የተሠራ ነው፤ ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ የነበረው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራ አቁሞ ከኖረ በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2016 ዳግም ተመርቋል። ወፉ ደግሞ ጉድ ነው! የአውሮፓ ብርድ ሲጠና ዳክዬውም ሌላውም የውኃ ወፍ እየተግተለተለ ይመጣል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄዶ ማየት የማያስቆጭ ሽርሽር ነው።

ታዲያ ውኃው ከየት ነው የሚመጣው? ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ ወንዝ። ሁለቱም አዲስ አበባን ሰንጥቀው ነው የሚወርዱት። የፋብሪካው ዝቃጭ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ ተያይዞ የሚያርፈው እዚያ ነው። እንቦጩ የሚፋፋውም በዚሁ ነው። የእንቦጭ ሥር እግር ላይ ሲጠመጠም ዋናተኛ ነኝ ያለውንም ይጎትታል። ከሥር ያለው ደለል ደግሞ የቆመበትን ሰው ይውጣል።

ሐይቁ ዳር ከብት የሚያግዱ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር። "አባባ፣ ልጆች እዚህ ይዋኛሉ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"የኛዎቹ አይገቡም፤ የሚገባው ከከተማ የሚመጣው ነው" አሉኝ። ከዚያ ዱላቸውን ወደ ውኃው ጠቆም አድርገው፣ "ልጄ፣ ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው፤ የሰማኸው የለም?" አሉ።

የምሰማው ተረት አልነበረም። የሰፈሩን ታሪክ ነበር የነገሩኝ።

በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው። አንዱ ባዶ ውኃ ሰው ያላገኘው ነው። ሌላው ሰው አውቆ የተወው ነው። ባዶ ዳርቻ ስታገኙ "እንዴት ደስ ይላል!" ከማለታችሁ በፊት "ለምን ባዶ ሆነ?" በሉ። መልሱን የሚያውቀው ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሰው ነው። እሱን ሳይጠይቁ ልብስ ማውለቅ የለም።

ታዲያ ወዴት እንሂድ?

ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። ሐይቆቹ ጥንት እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ላይ ጉልበት ድረስ የነበረው ውኃ ሁለት እርምጃ ሲጨመር ከራስ በላይ ሊሆን ይችላል። ዋና ለማይችል ሰው ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት ይሻለዋል። ጣናና ዝዋይ ደግሞ ሰፊ ናቸው፣ ግን የቢልሃርዚያ ነገር አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ተሕዋስ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው።

ለሞገድ አምሮት የሚቀርበው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ሐዋሳ በሚሄደው መኪና ተሳፍራችሁ፣ ዝዋይንና ቡልቡላን አልፋችሁ ትወርዳላችሁ። ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚገባ መንገድ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ እነሱ የዕለቱን ያውቃሉ።

ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። ለዚህም ነው የበቀለ ሞላና የዋቢ ሸበሌ ስም ከዚህ ሐይቅ ጋር ተያይዞ የኖረው። ውኃው ቡናማ ነው። ያየው ሁሉ "ቆሻሻ ነው እንዴ?" ይላል። ቆሻሻ ሳይሆን በጣም የላመ አፈር ውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ነው። ስፋቱ ከ220 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ አለው። ጠዋት መስታወት ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ውኃው መታጠፍ ይጀምራል፣ ነጭ ነጭ አረፋ ያወጣል፣ ዳር ላይ ጯ ይላል። ጣውላ ላይ ሸራ ተክለው በነፋስ የሚነዱ ሰዎችን ይህ ሐይቅ ድሮም ያውቃቸዋል።

ልንገራችሁ፣ የታሂቲ ሞገድ አይደለም። አጭርና የተጣደፈ ሞገድ ነው። ቆማችሁ ልትጋልቡት አትችሉም። ወገብ ድረስ ገብታችሁ፣ ቀለል ያለ ተንሳፋፊ ነገር ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ ወደ ዳር ሲገፋችሁ ግን… ያንን ደስታ የቀመሰ ያውቀዋል። ስልክ ላይ አይገኝም።

ከመግባታችሁ በፊት

ሰርፊንግን ከሃዋይ አውጥቶ ለዓለም ያስተዋወቀው ዱክ ካሃናሞኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ የ100 ሜትር የዋና ሻምፒዮን ነበር። ጣውላ ላይ የቆመው ሰውዬ ከጣውላው ቢወድቅም የማይሰምጥ ሰው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ገንዳ ክፈሉና አስተማሪ ይያዝላችሁ። ለጣውላው ያወጣችሁት ብር ለዚህ ቢውል ይሻል ነበር። በተረፈ ከባድ እንጨት ሞገድ ውስጥ ጭንቅላት ይፈነክታልና ቤት ይቀመጥ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ ሰው ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ላንጋኖም ቢሆን ሥሩ አይታይምና ሁልጊዜ እግር የሚነካበት ቦታ ላይ ሁኑ። ነፋሱ ወደ ፊታችሁ የሚመጣበትን ዳርቻ ምረጡ። ከጀርባችሁ የሚነፍስ ከሆነ ወደ መሐል ይዟችሁ ይሄዳል። ቢራ ከጠጣችሁ በዚያ ቀን ውኃ የለም። ብቻውን የሚገባ አይኑር፤ አንዱ ሁልጊዜ ዳር ቆሞ ይመልከት።

የሚሰምጥ ሰው እንደ ፊልሙ "ድረሱልኝ!" ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ስታዩት ዘላችሁ አትግቡ፤ አንቆ ይዟችሁ ይሄዳል። ገመድ ወርውሩለት፣ ረጅም እንጨት አቀብሉት፣ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ጣሉለት። ከወጣ በኋላ ካልተነፈሰ ቁልቁል ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን ጊዜ ማባከን ነው። አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፣ ደረቱን እየተጫናችሁ እርዳታ ጥሩ።

ጉዞውን ሦስትም አራትም ሆናችሁ ብትካፈሉት ኪስ አይጎዳም። አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጠንካራ ገመድና ዋና የሚችል አንድ ጓደኛ ግን ሳትይዙ ከቃሊቲ መናኸሪያ እንዳትነሡ።

መልካም ጉዞ!