እኔ ነኝ!

በቴሌግራም የምንጨዋወት ስድስት ወዳጆች ነን። ጨዋታውን የጀመርነው በ2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ሰውን ሁሉ እቤቱ በከተተበት ሰሞን ሲሆን፣ ሐሳባችን ስላነበብናቸው መጻሕፍት ማውራት ነበር። ስለ መጻሕፍት ያወራነው ግን ቢበዛ አራት ወር ቢሆን ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት፣ ወደ ልጅ አስተዳደግ፣ ወደ እግር ኳስ ዞረና በመጨረሻ ማንም ባላሰበው መንገድ ኮምፒዩተር ላይ አረፈ። ከአምስቱ ሦስቱን በአካል አይቻቸው አላውቅም። ይሁንና ማታ ማታ የጻፉትን ካላነበብኩ ከሰው ጋር የዋልኩ አይመስለኝም።

ስማቸውን ትቼ በሚኖሩበት ቦታ ልጥራቸው። የቶሮንቶው፣ ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አማኝ ነው። «አማኝ» ያልኩት ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም። የስቶክሆልሟ ከማክ በቀር ሌላ ኮምፒዩተር ቤቷ አታስገባም። የመርካቶው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ጥግ ላይ ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አለው። ከዊንዶውስ ሌላ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሰማው ከእኛ ነው። የሐዋሳው ኮምፒዩተር ሳይንስ ስለሚያስተምር ዳኛችን ሆኗል። የጅዳዋ ያላት ስልክ ብቻ ነው። ክርክሩ ሲጦፍ «እናንተ ሰዎች፣ ለመሆኑ እራት በላችሁ?» እያለች የምታበርደን እሷ ናት።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት (አንዳንዶች «ስርዓተ ክወና» ይሉታል) ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ የሌላውን ፕሮግራም ሁሉ መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠር ነው። ድሮ ግብር ሲበላ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን አጋፋሪ ነበር አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። የወዳጆቼም ክርክር ዞሮ ዞሮ «የማን አጋፋሪ ይበልጣል?» ነው። አያያዛቸው ደግሞ እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ደጋፊ ነው።

የቶሮንቶው ሁልጊዜ ክርክሩን የሚጀምረው ከዋናክራይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች የሚገኙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ፋይላችሁን አታገኙትም» አለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። «ይኼ ነው ዊንዶውስ ማለት!» ይላል የቶሮንቶው። የሐዋሳው ዳኛ ግን ፊሽካውን ይነፋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ቫይረሱ ከመነሳቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች ነበር። ማሻሻያውን በወቅቱ የጫነ ሰው ያን ዕለት በሰላም ሥራውን ሠርቶ ገብቷል።

የስቶክሆልሟ በዚህ መሐል «ማክ ቫይረስ አይነካውም» ካለች አለቀላት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፍላሽባክ የተባለው ቫይረስ ጃቫ በተባለው ሶፍትዌር ቀዳዳ ሾልኮ ከ600,000 በላይ የማክ ኮምፒዩተሮች ውስጥ መግባቱን የሐዋሳው ያስታውሳታል። የቶሮንቶው ይስቃል። ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የሆነው ነገር ለእኔ ከልብ ወለድ ይበልጥብኛል። ኤክስዜድ የሚባል፣ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለ፣ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ ሶፍትዌር አለ። ይዞት የኖረው አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው «ላግዝህ» ብሎ ተጠጋው። ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሠራ፣ አረመ፣ አስተካከለ፤ በመጨረሻም ቁልፉን ተረከበ። ከዚያ ማንም ሳያየው ሶፍትዌሩ ውስጥ የጓሮ በር ከፈተ። ያ በር በየአገሩ ላሉ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ሊተርፍ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። የነቃበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ የነቃውም ከሩቅ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። ግማሽ ሰከንድ! የሐዋሳው ይህን ሲያወራ የመጨረሻዋን ፍሬ ነገር አቆይቶ ነው የሚያመጣት፦ ሊኑክስን ያዳነው ይህ ሰው ተቀጥሮ የሚሠራው ማይክሮሶፍት ነው። ያን ማታ የቶሮንቶው ቶሎ ተኛ።

የመርካቶው ይህን ሁሉ ጸጥ ብሎ ያነብና አንድ ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እናንተ ስለ አጋፋሪ ታወራላችሁ። የእኔን ዊንዶውስ የጫነልኝ የሰፈር ልጅ ነው፤ ክራክ ነው። ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነበር። አፕዴቱንም ፓኬጅ ስለሚበላብኝ አስጠፍቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛው ሁሉ ፍላሹን ይዞ እየመጣ ይሰካል። እስቲ እኔን ማን ይጠብቀኛል?» ለካስ ልጁ ሌባው እንዲገባ መጀመሪያ ውሻውን አስሮለታል! እዚህ አገር ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦበት ጩኸቱን ያላሰማ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅራቢ ስንት ይሆን? በማስተምርበት ዘመን ፍላሹን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ ቢሮዬ ድረስ የመጣ ተማሪ አጋጥሞኛል።

እንግዲህ ነገሩ ከአጋፋሪው ይልቅ ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ኬን ቶምፕሰን፣ ዩኒክስን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ፣ የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ብትመረምር እንኳ፣ ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ሶፍትዌር ራሱ ሊከዳህ እንደሚችል በዚያ ንግግሩ አሳየ። መደምደሚያው፣ ራስህ ከሥር ጀምረህ ያልጻፍከውን ሙሉ በሙሉ ልታምነው አትችልም የሚል ነበር። ታዲያ ማን ነው ሁሉንም ራሱ የሚጽፍ? ሁላችንም የማናውቀውን ሰው አምነን ነው የምናድረው።

ይህን እምነታችንን የሚያውቁ ደግሞ በራሳችን ቋንቋ ይመጣሉ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ እንደተገለጸው፣ በውጭ አገር ይሠሩ ለነበሩ የኢሳት ባልደረቦች ጽሑፍ መስሎ በስካይፕ የተላከላቸው ፋይል የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ለጋዜጠኛ ከጽሑፍ የተሻለ ምን ማጥመጃ ይገኛል? አጥማጁ ያጠናው ማሽኑን ብቻ አልነበረም፤ ሰዎቹንም ጭምር ነው።

ይኸው ነገር፣ ቁመቱ አንሶ፣ እኛም ቤት መጣ። ካቻምና አንድ ምሽት ከመርካቶው ወዳጃችን ለእያንዳንዳችን በግል መልእክት ደረሰን። «ሰላም ውድ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? አስቸኳይ ችግር ገጥሞኝ ነው። እስከ ነገ 30,000 ብር ብትልክልኝ እመልስልሃለሁ።» ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፤ ስሙ የእሱ አይደለም፤ «የሱቄ ሠራተኛ ነው» ይላል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስሙ የተሸፈነ ገጽ ለተማሪዎቼ እሰጥና የማን እጅ እንደሆነ እንዲገምቱ አደርግ ነበር። ይህ መልእክት የመርካቶው እጅ አይደለም። ሰውዬው በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አራት ነጥብ አኑሮ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእሱ «ጋሼ» ነኝ እንጂ «ውድ ወንድሜ» አይደለሁም፤ በቁጣም በፍቅርም «አንተ» ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደወልኩለት። «አቤት ጋሼ!» አለ፤ ከጀርባው የዕቃ ጫኝ ጩኸት ይሰማል። ስለ ብር የሚያውቀው ነገር የለም። ቀን ላይ ከሚያውቀው ሰው «የእህቴ ልጅ ተወዳድራለች፣ ድምፅ ስጣት» የሚል ሊንክ ደርሶት ስልክ ቁጥሩን ጽፏል፤ ከዚያ ከቴሌግራም የመጣለትን ቁጥርም እዚያው ሞልቷል። የራሱን ቤት ቁልፍ በእጁ አስረከበ ማለት ነው። ሊንኩን የላከለት «የሚያውቀው ሰው» ደግሞ ቀደም ሲል በተመሳሳይ መንገድ የተዘረፈ ነበር።

እኔ ከእሱ ጋር ሳወራ አንዱ ልኳል። ማን ይመስላችኋል? የቶሮንቶው! የሊኑክሱ አማኝ፣ ፓስወርዱ ባለ ሃያ ምናምን ፊደል የሆነው ሰው፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ደውሎ 30,000 ብሩን ገቢ አስደርጓል። ሊኑክሱ ምንም አልሆነም፤ ማንም አልነካውም። «ምን ላድርግ?» አለን በኋላ። «ተቸገርኩ ሲል ኮምፒዩተሩን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ሰውየውን ነው።» ማንም አልሳቀበትም። የመርካቶው ብሩን ልመልስ ብሎ ቢለምነውም እምቢ አለው። የሐዋሳው በዚያው ምሽት ሁላችንንም ተራ በተራ አስቀምጦ፣ ከቁጥሩ ሌላ የራሳችንን ፓስወርድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስከፈተን። የመርካቶውንም የድሮ ዊንዶውስ በርቀት እየመራ በሕጋዊ አስለወጠው። ይህ ሁሉ ጥሩ ሆነ።

ያልተሰላው ሌላው ወጪ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የጅዳዋ ሌሊት ላይ ጻፈች። ደሴ ያለው ወንድሟ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ደመወዟ እስኪወጣ ብድር ትፈልጋለች። በስድስት ዓመት ወዳጅነታችን እሷ ከማንም ምንም ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ባሉበት አገር ገና ያልተኙት አነበቡ፤ ዝም አሉ። በመጨረሻ የቶሮንቶው፣ እሳት የነካው ሰው፣ «እውነት አንቺ ከሆንሽ መጀመሪያ ያነበብነውን መጽሐፍ ርዕስ ንገሪን» አለ። ርዕሱን በትክክል ጻፈችለት። ቀጥላም ይህን ጻፈች፦ «ማታ ማታ እራት በላችሁ ወይ ስላችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

ጠዋት ስነሳ ያገኘሁት ይህን ነው። የስቶክሆልሟ ደውላላት ግማሽ ሰዓት አብረው አልቅሰዋል፤ ብሩም በዕለቱ ተዋጥቶ ደሴ ደርሷል፤ ወንድሟም ድኗል። እሷ ግን አሁንም አለችም፣ የለችምም። ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ትላለች። ስለ እራት ከጠየቀችን ቆየች።

በእኛ አገር በር ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። የደጁ ሰው «እኔ ነኝ!» ይላል፤ ስሙን አይናገርም። ሌላ አገር የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብናል፤ «እኔ» ያልሆነ ማን አለ? ግን ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም መልሱ ቃሉ ላይ ሳይሆን ድምፁ ላይ ነው። አሁን ድምፅንም አስመስሎ የሚናገር ማሽን መጥቷል። ስለዚህ «ማነው?» ማለቱ ይብስበታል እንጂ አይቀርልንም።

የቶሮንቶው መጠየቁ ጥፋት ነው አልልም። በደኅንነት ሕግ ከሄድን ጥያቄው ትክክል ነበር። ልዩነቱ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «ማነው?» የሚለው ሰው ጥያቄውን የሚጠይቀው ወደ በሩ እየሄደ፣ እጁን ወደ መወርወሪያው እየሰደደ ነው። እኛ ግን ሰው ደጅ አቁመን፣ ከውስጥ ቁጭ ብለን ፈተና ማውጣት ለመድን። የስቶክሆልሟ ያደረገችው፣ ደውሎ ማናገር፣ ማረጋገጫም ማጽናኛም ነበር፤ አንዱ ከሌላው ሳይለይ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህን ምክንያት አድርጎ የመርካቶው «የቱን ልጫን?» ሲል ጨዋታው እንደገና ጦፈ። የቶሮንቶው ስለ ሊኑክስ፣ የስቶክሆልሟ ስለ ማክ ማውራት ጀመሩ። የሐዋሳው፣ ስልካችን ላይ ያለው አንድሮይድ መሠረቱ ሊኑክስ መሆኑን ሲያስታውስ፣ የቶሮንቶው «እንግዲያው የጅዳዋ ሳታውቀው የእኔ ወገን ናት!» አለና ስሟን ጠርቶ ጻፈላት። መልእክቱን ማየቷን አየን። አልመለሰችም።

በማግስቱ ግን የቶሮንቶው ደወለላት። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅ ለድምፅ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ምን እንደተባባሉ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።