ድራሙን የመታው ማን ነበር?

ለመስከረም 21 ግሸን ደብረ ከርቤ ወጥቶ ማኅሌት ለቆመ ሰው ስለ ከበሮ ልንገርህ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዝማሜው ከበሮ የለም፤ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ የሚለው መቋሚያው ብቻ ነው። መረግድ ላይ ከበሮው ይገባል፤ መጀመሪያ ረጋ ብሎ፣ ቆይቶ ሞቅ እያለ ይሄዳል። ጽፋት ላይ ሲደርስ ጭብጨባው፣ ጸናጽሉና እልልታው አንድ ይሆናል። ከበሮውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሰው አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? በአንድ እጁ ሰፊውን ገጽ፣ በሌላው ጠባቡን ይመታል፤ ዓይኑ ከመሪጌታው አይነሳም። እሱ ከቸኮለ ሁሉም ይቸኩላል፤ እሱ ከዘገየ ወረቡ ይቀዘቅዛል።

ስሙን የሚጠይቅ የለም። እዚያ መጠየቅም የለበትም፤ አገልግሎት ነውና ዋጋውን ከሰው አይጠብቅም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሌላኛው ሰው ስም መጥፋት ነው። በካሴት ዘመን ስቱዲዮ እየገባ፣ የስንቱን ዘፋኝ ዘፈን በእጁና በእግሩ ተሸክሞ፣ ሽፋኑ ላይ ግን ፎቶውም ስሙም ያልወጣለት ድራመር። ያ ሥራ አገልግሎት ብቻ አልነበረም፤ ተሸጦበታል፣ ተተርፎበታል። እስከ ዛሬም ይሸጣል።

ሁለት ስም ልጥራ። ተማረ ሐረጉ የዋልያስ ባንድ ድራመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የዋልያስን «ቼ በለው» አልበም ዛሬ የዓለም ሙዚቃ አድማጭ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሟል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውን «ሙዚቃዊ ስልት»ንም የውጭ ባንዶች እየተቀባበሉ ተጫውተውታል። ያንን ዜማ ስትሰሙ አንድ ጊዜ ኦርጋኑንና ትንፋሹን ተዉና ከሥር ያለውን ብቻ አዳምጡ። ድራሙና ቤዙ ተቆላልፈው፣ ሳይፈጥኑ ሳይዘገዩ ይሄዳሉ። ስለዚህ ዘፈን ሲወራ ኃይሉ መርጊያ ይነሳል፣ ግርማ በየነ ይነሳል፤ ይገባቸዋልም። ተማረስ?

ሁለተኛው የሮሃ ባንዱ ተስፋዬ ተሰማ ነው፤ ሙዚቀኛው «ሆዶ» ይለዋል። ሮሃ ማለት ከአይቤክስ ባንድ ወጥቶ ማሕሙድ አህመድን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን ያጀበ ባንድ ነው። የዚያ ዘመን ልጅ የሆነ ሁሉ ሠርግ ላይ ትከሻውን ያነቃነቀው በአብዛኛው በሮሃ ምት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ክለብ ገብቶ ያመሸ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ቀረጻ ሲኖር ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚጫወተው። የተሳሳተውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መቀጠል የሚባል የዛሬው ምቾት የለም፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ ድራመሩ እንዲስት አይፈቀድለትም።

ጥበቡ ያለው ችክችካ በሚባለው ምት ላይ ነው። ድራም ከውጭ የመጣ መሣሪያ ነው፤ በሙዚቃ ክፍሎቹ፣ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ በኩል ለመድነው። ችክችካን ግን ማንም አልላከልንም። የእኛ ድራመሮች የከበሮውን ሰፊ ገጽ ለእግራቸው፣ ጠባቡን ገጽ ለእጃቸው አከፋፈሉት። ኪኩ የሰፊውን ድምፅ ያዘ፣ ስኔሩና ሃይ ሃቱ የጠባቡን። እኔ የሚሰማኝ እንደዚያ ነው፤ ግሸን ላይ ከበሮ ሰምቶ የወረደ ሰውም የሚፈርድብኝ አይመስለኝም።

ኋላ አንድ ኪቦርድ ባንዱን በሙሉ ሲተካው መጀመሪያ ሥራ ካጡት መካከል ድራመሩ አለበት። ይህ ጉዳት በተለይ በአምባሰል ቅኝት ላይ ያመኛል። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትዘፍን አድምጡ፤ ድምጿን ትስበዋለች፣ ታንጠለጥለዋለች፣ በፈለገችበት ጊዜ ትመልሰዋለች። ሰው ከሆነ የሚመታው አብሯት ይጠብቃል፤ ትንፋሽ ስትወስድ ያውቃል። ማሽን አይጠብቅም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ክላይድ ስተብልፊልድ የሚባል ድራመር ከጄምስ ብራውን ጋር «ፈንኪ ድራመር»ን ቀረጸ። ያቺ አጭር ምት ተቆርጣ ከሺህ በላይ ዘፈኖች ውስጥ ገብታለች። በድርሰቱ ላይ ስሙ ስላልሰፈረ ከዚያ ሁሉ የደራሲ ክፍያ አልደረሰውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። እኛ ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም፣ ማለትም ለዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ለሙዚቀኛውም መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው መብቱን በምን ያረጋግጣል? ካሴቱ ላይ የለ፣ ዩቲዩብ ላይ የለ።

ዛሬ የተሻለ ነገር መኖሩ ደስ ይለኛል። ተፈሪ አሰፋ ድራመር ሆኖ ነጋሪት ባንድን መሥርቶ የየብሔረሰቡን ምት እየፈለገ ወደ ድራም ያመጣል። ድራመር ፊት ወጥቶ ባንድ ሲመራ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በላሊበላ የኪነት ቡድን ወይም በሌላ ባንድ ከበሮም ድራምም የመታ ካለ፣ እሱ በሕይወት እያለ አጠገቡ ቁጭ በሉና ጠይቁት። የትኛው ካሴት ላይ ነህ? በየትኛው ዓመት? ከነማን ጋር? መልሱን በስልካችሁ ቅረጹት። ካሴቱ ቤት ውስጥ ካለም ሽፋኑ ላይ፣ ከዘፋኙ ፎቶ ሥር፣ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉለት።