ፀሐይ ስትዘፍን ማን ይቀበል?

እናንተዬ፣ ቀጭኔ ዘፈነች ብሎ የሚተች ሰው አለ? አለ፣ እኔ! የምተቸውም "ፀሐይ መማር ትወዳለች"ን ስለምወዳት ነው። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ስትጀምራት፣ የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓን ፕራይዝን ወሰደች። ካልሲ እንዲህ ሲከበር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅሬታዬ ዘፈኑ ላይ ነው። ተፍኪ ያሉት የእህቴ ልጆች ቤት ውስጥ የሚያወሩት አፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛውን ክፍል ሲያዩ ወሬው ያመልጣቸዋል፤ ዘፈን ሲመጣ ግን ብድግ ብለው ያጨበጭባሉ። ታዲያ አንዳንዱ ዘፈን ምክሩን በአንድ ትንፋሽ ይደረድርና... አለቀ! ልጆቹ እጃቸውን እንዳነሱ ይቀራሉ። ምክር ጥሩ ነው፤ ዜማ ስለለበሰ ብቻ ግን ዘፈን አይሆንም።

እስቲ ሆያ ሆዬን አስቡት። ግጥሙን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ተቀባይ ሆኖ ይጨፍራል። አውጪው ሲደረድር እሱ ያችኑ አንዲት ቃል እየደጋገመ ዱላውን መሬት ይመታል። ከርሞ ሌላ ቃል ይጨምራል፤ አንድ ቀን ራሱ አውጪ ይሆናል። ቋንቋም የሚገባው እንዲህ ነው፣ በተቀባይ በር።

ፕሮግራሙ ኋላ በአፋን ኦሮሞም መዘጋጀቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ትርጉም ብቻውን አይበቃም። በየትኛውም ቋንቋ ለልጆች ስትዘፍኑ፣ እባካችሁ ከሁለት ስንኝ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ። ያቺ ዝምታ የልጁ ድርሻ ናት።