አርባ ሁለት ቀን

ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የወጥ ቤታችን እትዬ እንቁላል ፍርፍር ሠርተውልን ነበር። ሃምሳው ስላልወጣ የሚጾም አልነበረም። ቁርሳችን ሌላ ጊዜ ዳቦ በሻይ ብቻ ስለሆነ ሽታው ዶርም ድረስ መጥቶ ከደወሉ በፊት ቀሰቀሰን። «ማትሪክ በባዶ ሆድ አይገባም» እያሉ በየሰሃናችን ጨማመሩልን። ሁለት ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስና የመፈተኛ ካርድ ይዘን ወጣን።

ትምህርት ቤታችን ገርጂ ጃክሮስ አካባቢ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። አብዛኛው ተማሪ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ሲሆን፣ አዳሪ የነበርነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንዶች አሥራ አንድ ነበርን። በስማችን የሚጠራን መምህር ብቻ ነበር፤ ዶርም ውስጥ መጠሪያችን አገራችን ነው። እኔ «ደሴ» ነኝ። ከላዬ የሚተኛው «ሐረር»፣ መስኮቱ ሥር ያለው «አምቦ»። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው በላያችን ሲያልፉ የብረት አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን እየባነንን እንነሣለን፣ በኋላ ግን ድምፁን መስማት ተውን። ስልካችን በፕሮክተሩ ቢሮ የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የምናገኘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ነው።

ያቺ አንድ ሰዓት ለእኔ የእኅቴ ነበረች። እኅቴ አሥረኛን ጨርሳ ቤይሩት ሰው ቤት ገባች፤ የዶርሙና የትምህርቱ ክፍያ የሚመጣው ከእሷ ነው። አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት እሑድ ስለሆነ ቀኑ ገጥሞልናል። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በዚህ ሳምንት ምን ተማርክ?» ትለኛለች። እኔ ሞዴል ፈተና ላይ ስንት እንዳመጣሁ እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ «እሱንማ ሰማሁ፤ ምን ተማርክ?» ብላ ትደግመዋለች።

ያን ሰኞ መፈተኛው ጣቢያ ስንደርስ በር ላይ ጫጫታ ነበር። ተመላላሾቹ ስልካቸውን እየተቀባበሉ ያያሉ። አንዱ አስጠግቶ አሳየኝ፤ ጠመም ብሎ ፎቶ የተነሣ የጥያቄ ወረቀት ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጥቷል አሉ። እኛ አዳሪዎቹ ምንም አላየንም ነበር። በዚያው ዕለት የትምህርት ሚኒስትሩ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ የእንግሊዝኛው ፈተና መውጣቱን አረጋግጠው ፈተናው በሙሉ መሰረዙን አስታወቁ። በመላ አገሪቱ ከ250 ሺህ በላይ ተፈታኝ እርሳሱን ይዞ ቀረ።

ዶርም ስንመለስ ማንም ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወደቀ። ሰባት ትምህርት፣ ከ700 የሚያዝ ውጤት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እየተነሡ መቸከል። ስድቡ ማታ ተጀመረ። «ያወጣው ሰው እጁ ይሰበር!» ያላለ የለም፤ እኔም ብያለሁ። አምቦ ብቻ ዝም አለ። አንዱ «አንተስ አይቆጭህም?» ብሎ ሲጠይቀው ተነሥቶ ተቀመጠ።

«የአጎቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ናት» አለ። «ከኅዳር ወዲህ ትምህርት ቤታቸው የተከፈተበትን ቀን በጣት ትቆጥረዋለህ። መጽሐፉን ግማሹን እንኳ አላዩትም። እሷም ዛሬ ልትፈተን ነበር።»

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን እንዳዳረሰ በወሬ ሰምተናል። ግቢያችን አጥሩ ረጅም ነው፤ ስልክም የለንም። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች፣ ትምህርት ለተቋረጠባቸው ልጆች መዘጋጃ ጊዜ ይሰጥ ብለው ሲጠይቁ እንደነበር የገባን ግን ያን ማታ ነው። የሁላችንም ቁጣ በረደ ማለቴ አይደለም። ከጎንደር የመጣው ልጅ «የእሷ በደል በእኔ ይካሳል?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እውነቱን ነበር። አምቦም እውነቱን ነበር። መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ብዙ ሰው አልተኛም።

በማግስቱ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆኑት ሄዱና ሰባት ቀረን። ቢሮው ለተጨማሪው ጊዜ የምግብ ክፍያ ጠየቀ። እሑድ ለእኅቴ ስነግራት ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ «እልካለሁ፤ አንተ አትጨነቅ» አለችኝ። ያን ገንዘብ ከምን ላይ እንዳጎደለችው እስካሁን አልጠየቅኳትም።

የፊዚክስ መምህራችን ጉርድ ሾላ ነው የሚኖሩት። ጡረተኛ ናቸው፤ የትምህርቱ ጊዜ አልቋልና መምጣት አይጠበቅባቸውም። ግን በሰኔው ዝናብ ጃንጥላቸውን ይዘው በየጠዋቱ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ሰባታችንም ፈዝዘን ስንቀመጥባቸው ጠመኔውን አስቀመጡና በእጃቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኮተቤ አመለከቱን። «በጣሊያን ጊዜ በዚህ አገር ትምህርት አምስት ዓመት ተቋርጧል» አሉ። «የተማረውም ወጣት አልቋል። ጣሊያን በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1935፣ ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ። ከነጻነት በኋላ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ እሱ ነው። ልጆቹ እንደ እናንተው አዳሪዎች ነበሩ፤ ካቆሙበት ነው የጀመሩት።» እሳቸው ራሳቸው እዚያው ግቢ፣ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሲሆን የተማሩ ናቸው። ይህን ብለው ወደ ሰሌዳው ተመለሱ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው አምቦ አምስት አዲስ ደብተር ገዝቶ የመጣው። ለአጎቱ ልጅ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኬሚስትሪ ኖታችንን ሊገለብጥላት ነው። ብቻውን ሲጀምር አየነው፤ ለሁለት ቀን ያህል ማንም አልተጠጋም። በሦስተኛው ቀን ሐረር ኬሚስትሪውን ወሰደ። እኔ ከፊዚክሱ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ያዝኩ። የጎንደሩ ልጅ ምንም ሳይናገር የሒሳቡን ደብተር ከአምቦ አልጋ ላይ አንሥቶ ሄደ፤ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ ያማረው የእሱ ሆነ።

ኖታ መገልበጥ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ግን የራሴ ኖታ ለሌላ ሰው እንደማይሆን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ታወቀኝ። ፎርሙላ አለ፣ መልስ አለ፣ መሐሉ ላይ ያለው ነገር የለም። መምህር ስለነበረኝ መሐሉን አልጻፍኩትም፤ እሷ ደግሞ የምትጠይቀው መምህር የላትም። የኪርሆፍን ሕግ ለማስረዳት ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሞዴል ፈተና ላይ በአንድ ደቂቃ የምሠራው ጥያቄ ነበር። ለካ እጄ ለምዶት እንጂ አላውቀውም። ያን እሑድ እኅቴ «ምን ተማርክ?» ስትለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ባትሪና ስለ ሁለት አምፖል አወራኋት፤ ካርዱ እስኪያልቅ አዳመጠችኝ።

ደብተሮቹን ወደ አምቦ ከተማ ሚኒባስ የሚነዳ የአምቦ ዘመድ ወሰደልን።

ረመዳን የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ሐረርና ሌሎች ሁለት ልጆች ይጾማሉ። እትዬ እሳቸው የማርያም ጽዋ የሚጠጡ ሴት ናቸው፤ ማታ ወደ ቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ግን የሱሑሩን ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦውን በፎጣ ጠቅልለው ያስቀምጡላቸው ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ሐረር ከላዬ በእግሩ ጣት ቀስ ብሎ ሲወርድ እኔም እነቃለሁ። አብሬያቸው ሻይ ጠጥቼ ወደ ጥናት እገባለሁ። ትንሽ ቆይቶ አዛኑ ይሰማል፣ ከዚያ የሳሊተ ምሕረት ቅዳሴ። ደሴ ያደገ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ።

አዲሱ የፈተና ቀን መጀመሪያ ከሰኔ 27 እስከ 30 ተባለ። ሐረር የቀን መቁጠሪያውን አይቶ «ዒድ መሐሉ ላይ ነው» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ የያዘውን ተምር ግን ሳይበላ ሳህኑ ላይ መለሰው። ቅሬታው ከየቦታው ከተሰማ በኋላ ከሐምሌ 4 እስከ 7 ተዛወረ። የዒድ ዕለት እትዬ ከቤታቸው ሩዝ በሥጋ ሠርተው መጡ፤ እኛ ከእጃቸው ላይ ተሻማን። እሳቸው ግን አልቀመሱም፤ የሰኔን ጾም ይዘው ነበር።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንዱ ደብተር ከአምቦ ከተማ ተመልሶ መጣ። የእኔ ነው። የኪርሆፉ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ተሠርቶበታል፤ ከጎኑ በኦሮምኛ አንድ መስመር ተጽፏል። አምቦ ዓይኑን በደብተሩና በእኔ መካከል እያመላለሰ ተረጎመልኝ፤ «ባትሪውን በፖዘቲቩ ገብተን በኔጌቲቩ ከወጣን ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው። ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል። ሌላው ግልጽ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።» መጽሐፉን አወጣሁ። ልክ ነበረች። ለሁለት ዓመት በዚያ ስሕተት ስሠራ ኖሬ መልሱ የወጣልኝ በሌላ ቦታ ሌላ ምልክት እያጠፋሁ ነበር። የራሴን ደብተር ከፍቼ እሷ እንዳከበበችው አክብቤ አረምኩት።

ፈተናውን ሐምሌ 4 ጀመርን። በዚያ ሳምንት መንግሥት የተፈታኞች ሐሳብ እንዳይበታተን ብሎ ፌስቡክንና ሌሎቹን ዘግቶ ነበር። ለእኛ ለውጥ አልነበረውም። የብረት ሣጥኑ የተከፈተው ሐሙስ፣ ሐምሌ 7፣ የመጨረሻውን ወረቀት ካስረከብን በኋላ ነው። ሐረር ፍራሹን ጠቅልሎ እየጨረሰ ነበር። አምቦ ዕቃውን ይዞ አያት–ጦር ኃይሎች ባቡሩን ለመያዝ ወደ ጉርድ ሾላ ሄዷል።

ቀኑ እሑድ አልነበረም፤ ስልኬ ግን እንደተከፈተ ጠራ፤ እኅቴ ናት። እንዴት ፈቀዱላት አልኩ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ፣ እታለም።»

ልብስ የምታጥብ መሰለኝ፤ ከኋላዋ ውኃ ይወርዳል።

«ደብተሮችህን እንዳትጥላቸው» አለች። «የአሥራ አንደኛውንም ጭምር። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።»