ከሎሜ እስከ ዊዳ፣ ከልጅ ልጄ ጋር

የአዲስ አበባ ሰው ሎሜን የሚያውቃት ብዙውን ጊዜ በአውሮፕላን መስኮት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ያርፍባታል። አየር መንገዳችን ድርሻ ያለው አስካይም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከዚያው እየተነሳ ይበርራል። ልጄ ለሥራ ወደዚያ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። እኔም ጡረታ ወጥቼ ጊዜ ስላገኘሁ፣ ባለፈው ሚያዝያ የልጅ ልጄን ላየው ሄድኩ።

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሰባት ወሩ ስለተወለደ የመጀመሪያዎቹን 41 ቀናት ያሳለፈው በሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ነበር። ዛሬ ጤነኛ ነው። እናቱ ግን ከዚያ ማሞቂያ አጠገብ ገና የተነሳች አትመስልም። ብስክሌት የለም፣ ዋና የለም፣ ከትምህርት ቤት ጋር ሽርሽር የለም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ!

እሱ ደግሞ የሚወደው እባብ ሆነና አረፈው። ከከተማው ወጣ ብሎ እባብ የሚረባበት ቦታ እንዳለ ከክፍል ጓደኛው ሰምቶ «አባባ፣ ውሰደኝ» አለኝ። እናቱ «አይሆንም» አለች። ሁለት ቀን ተከራክረን በመጨረሻ «አባዬ፣ እጁን እንዳትለቅ» ብላ ፈቀደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። በቀይ አፈር መንገድ ዳር፣ ከበቆሎና ከካሳቫ ማሳ መካከል የቆመ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ጠባቂው በዕድሜ ከእኔ የማያንሱ ሰው ናቸው። እሳቸው በፈረንሳይኛ ሲናገሩ ልጁ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል።

እዚያ የሚረባው ሮያል ፓይተን የሚባለው ነው። መርዝ የለውም። ሲደነግጥ ራሱን በመሐል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። በበጋው ማብቂያ ገበሬዎች እንቁላል የያዙ እናቶችን ከአይጥ ጉድጓድና ከምስጥ ኩይሳ እያወጡ ለእርባታው ይሸጣሉ። እንቁላሎቹ ሲፈለፈሉ አብዛኞቹ ልጆች በቤት ለሚያረቧቸው ሰዎች ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይላካሉ፤ ከፊሎቹ ወደ ዱር ይለቀቃሉ። ልጁ ይህን ከተረጎመልኝ በኋላ «እናታቸውስ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው «እንቁላሉን ታቅፋ ትጠብቅ ነበር። እኛ ነን የወሰድንባት» አሉት። ሳያድበሰብሱ መመለሳቸውን ወደድኩላቸው።

የእባብ እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል ደረቅ ቅርፊት የለውም። እንደ ለፋ ቆዳ ነው፣ ሲነኩት ይለምጣል፤ እርስ በርሱም ተጣብቆ ይቀመጣል። አንዷ እናት የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከደርዘን አይበልጥም። ሳጥኑ ውስጥ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል፣ አየሩም እርጥበት አይለየውም፤ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ታገላብጣለች፤ የእባብን እንቁላል ያገላበጠ ግን ጽንሱን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ላይኛውን ጎን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል።

ከአንዱ ሳጥን ስድስት እንቁላሎች አሳዩን። አምስቱ ነጭና ድፍን ናቸው። ስድስተኛው ላይ ግን ቅርፊቱ አንድ ቦታ ሳስቶ፣ ዘይት እንደነካው ወረቀት ውስጡን ያሳያል። ካልሲየሙ እኩል ሳይዳረስ ሲቀር እንዲህ ይሆናል አሉ። ልጁ «ይጣላል?» አለ። ሰውየው ባትሪ አብርተው አስጠጉለት። ውስጡ በቀይ የደም ሥር ተሞልቷል።

«ስስ ነው እንጂ አልሞተም» አሉ። «በስሱ ቦታ ውኃ ቶሎ ስለሚያልቅበት እርጥበቱን እጠብቅለታለሁ። አብዝቼ ውኃ ቢንጠባጠብበትም ይበሰብሳል። ከዚህ በላይ የማደርግለት የለኝም፤ ቅርፊቱን ቀድዶ የሚወጣው ራሱ ነው።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «አባባ፣ እማዬ ለምንድን ነው ሁሉን ነገር የምትፈራው?» አለኝ። ስለ 41 ቀናቱ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ቱቦው፣ እናቱ ወንበር ላይ ስላደረችባቸው ሌሊቶች ነገርኩት።

ማታ ለእናቱ እኔ ሳልናዘዝ እሱ ቀደመኝ፤ «እኔም ስስ እንቁላል ነበርኩ አይደል?» አላት። ተቆጥታ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ከሻንጣዋ ሥር አንድ ፎቶግራፍ አወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። እኔ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

እሑድ ሦስታችንም የድንበሩን ጣጣ ጨርሰን ወደ ቤኒን፣ ወደ ዊዳ ሄድን። የፓይተኖቹ ቤተ መቅደስ ከትልቁ የካቶሊክ ባዚሊካ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱ በአንድ አደባባይ ይተያያሉ። በዚያ አገር ፓይተን ይከበራል እንጂ አይገደልም። ወደ ሰው ቤት ቢገባ እንኳ በእርጋታ ይዘው ይመልሱታል። ባለሟሉ አንዱን አንስቶ ልጁ አንገት ላይ ሊያኖረው ሲል ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እጇ ከንፈሯ ላይ ነበር። «እሺ» አለች፤ ድምጿ ግን አልወጣም።

በግንቦት ስልክ ደወለልኝ። ከስድስቱ አምስቱ ተፈልፍለዋል። ከድፍኖቹ አንዱ ተበላሽቶ ቀርቷል። ስሱ ግን ቅርፊቱን ቀድዶ ራሱን ብቻ አውጥቶ አንድ ቀን ሙሉ ካረፈ በኋላ ወጥቷል። ከሁሉም ያንሳል አሉ። «ይህኛው ግን ወደ ዱር ነው የሚሄደው፤ ለምኛቸዋለሁ» አለኝ።

ቀጥሎ እናቱ ስልኩን ተቀበለችው። «አባዬ፣ ዋና አስመዘገብኩት» አለች። «እኔ ከዳር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።»

ከዳር ቁጭ ማለቱ ምንም አይደል። እኔም እሷን ሳሳድግ እንደዚያው ነበርኩ።