ሯጩ ስለ እንቅልፉም ይንገረን

ባለፈው ግንቦት ልጄ የምትሠራበት ኩባንያ ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ምሳ ጋብዞ ነበር። ልጄ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ናት። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ ግንቦትና ሰኔ ለእሷ ዳገት ናቸው። “እማዬ፣ ነይና ትንሽ ተናፈሺ” ብላ ይዛኝ ሄደች። ከምሳ በፊት አንድ እንግዳ ወደ መድረክ ወጣ። በወጣትነቱ አገራችንን ወክሎ የሮጠ፣ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ለሠራተኞች ሥልጠና የሚሰጥና አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው። ፈቃዱን ስላልጠየቅኩት ስሙን አልጠቅስም።

ንግግሩ ጥሩ ነበር። በባዶ እግሩ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ክለብ ለመግባት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴ እንደተመለሰ፣ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል እግሩ “አልችልም” ሲለው ልቡ “ትችላለህ” ይለው እንደነበር ነገረን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ማይክራፎኑን ተቀበለና “ሰምታችኋል! ሰኔ የእኛ የመጨረሻ ዙር ነው፤ ደከመኝ፣ አመመኝ የሚል እንዳልሰማ” አለ። ሰው ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ፍሬ ማስታገሻ በባዶ ሆዷ ዋጠች።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሰው ሳስታምም ኖሬያለሁ። የገዛ ልጄ ግን በየማታው ኮምፒውተሯን ታቅፋ እስከ እኩለ ሌሊት ስትቀመጥ፣ ጠዋት “ራሴን” እያለች ስትነሳ፣ “በጀቱ ይዘጋ እንጂ ይተወኛል” ስትለኝ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት ቡና የማፈላላት እኔው ነበርኩ።

“ጥያቄ ያለው” ሲባል እጄን አወጣሁ። ልጄ በነጠላዬ ጫፍ ጎተተችኝ፤ ዝም አልኳት።

“ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ደስ የሚል ነገር ነው የነገርከን። በዚያ በምትሮጥበት ዘመን ግን በቀን ስንት ሰዓት ትተኛ ነበር?”

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለና ትንሽ አሰበ። “እናቴ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ነበርኩ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ልምምድ፤ ምሳ ከበላሁ በኋላ ደግሞ እንደገና ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። ከባድ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። የቀረው ቀን ዝግ ያለ ሩጫ፣ እሁድ ዕረፍት። አሞኝ ስደብቅ አሰልጣኜ አረማመዴን አይቶ ያውቅብኝና ወደ ቤት ይሰደኛል። አንድ ጊዜ ግን አታለልኩትና ሮጥኩ። ከሩጫ ያስወጣኝ ያ የተረከዜ ጅማት ነው።”

ማንም አልሳቀም። “ታዲያ ይህን ለምን በንግግርህ ውስጥ አላስገባኸውም?” አልኩት።

“የሚጋብዙኝ ስለ ድል እንድናገር ነው፣ እናቴ” አለኝ።

በሰውየው አልፈርድም። እኔ በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ፣ ጠዋት የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ወራት ተቸግሬያለሁ። ሯጭ ግን ሌላው ሰው ሥራውን ገና በሚለምድበት ዕድሜ ነው “በቃህ” የሚባለው። ልምዱን ለሌላው እያካፈለ ቤተሰቡን ቢያስተዳድር የተከበረ ሥራ ነው። ይዞት የሚመጣውም እውቀት እውነተኛ ነው። ቅር ያሰኘኝ ግማሹ በር ላይ መቅረቱ ነው። ጋባዦቹ “አትቁም” የሚለውን ይወስዳሉ፤ ዕረፍቱን፣ “አመመኝ” ማለቱን፣ ጓደኛን መጠበቁን ይተዋሉ።

ጓደኛን መጠበቅ ስል ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የቡሄ ማግስት ነበር፤ በውስጥ ደዌ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። መራመድ የሚችሉ ሕመምተኞች በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስበው የአቴንስን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ያያሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአራት ዓመት በፊት በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች፣ በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር የቀደመው። አቴንስ የገባው ግን የተረከዙን ጅማት እያመመው ነው። ወደኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዘወር እያሉ አዩት፤ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱለት። በመጨረሻ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እግራቸው ያበጠ አንድ አዛውንት ሕመምተኛ “ታላቃቸውን ጠበቁት” ብለው እንባቸውን ጠረጉ። የገቡበትን ሰዓት ረስቼዋለሁ፤ ዘወር ማለታቸውን ግን አልረሳሁም።

የማልረሳበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዚያ በፊት በሌላ ጊዜ፣ ሁለት ባልደረቦቻችን ታመው ሦስት ሌሊት በተከታታይ ገባሁ። “እችላለሁ” ያልኩት ራሴ ነኝ። በሦስተኛው ሌሊት ለአንዲት የስኳር ሕመምተኛ የታዘዘው ኢንሱሊን 8 ዩኒት ነበር፤ እኔ 18 ቀዳሁ። መርፌውን ይዤ ወደ አልጋው ስሄድ አብራኝ የነበረችው ነርስ ዘወር ብላ አየችኝ። “ሲስተር፣ እስቲ አሳዪኝ” አለች። አየች፣ ደፋችው፣ አልተቆጣችኝም። “ሂጂ፣ አንድ ሰዓት ጋደም በዪ፤ አልጋዎቹን እኔ አያለሁ” አለችኝ። ያን ሌሊት እሷም እንደ ሥራ አስኪያጁ “በርቺ፣ የመጨረሻው ዙር ነው” ብላኝ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያች ሴት ስኳር በሌሊት ወርዶ ምን ይገጥማት እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

ማቆም ሽንፈት የሚመስለው ካለም ኃይሌን ይመልከት። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አመመውና አቋርጦ ወጣ። በንዴት “ሩጫ በቃኝ” ብሎም ነበር፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ተመለሰ። ከውድድር የተሰናበተው በ2007 ዓ.ም. ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ታክሲ ውስጥ “አሳፈርሽኝ” ብላ ተቆጣችኝ። ሰፈር ስንደርስ ግን “እማዬ፣ እውነት ሁለት ሰዓት ነው ቀን የሚተኙት?” አለችኝ። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድኳት። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች በባዶ ሆድ ሲደጋገሙ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ለኩላሊትም አይበጁም። የእሷም ጨጓራ ተቆጥቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እስከ ዛሬ ያው ነው። ልጄ ግን ከክፍሏ ልጆች ጋር ተነጋግራ የማታውን ሥራ በየተራ አደረጉት፤ የአንዱን ስሌት ሌላው ዘወር ብሎ ያየዋል። በጀቱም በቀኑ ተዘጋ።

ሯጮችን ለሠራተኞቻችሁ የምትጋብዙ አለቆች፣ ጋብዟቸው። ግን ምሳ ሳይቀርብ ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ስንት ሰዓት ትተኙ ነበር? ሲያማችሁ ለማን ትናገሩ ነበር? ማን ዘወር ብሎ ጠበቃችሁ? መልሱን ስትሰሙ ደግሞ ማይክራፎኑን ለመቀበል አትቸኩሉ።

እኔም ማታ ቡና ማፍላቱን ትቻለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ልጄ ክፍል እገባና ኮምፒውተሯን እከድናለሁ። “አሰልጣኟ መጣች” ብላ ትስቃለች። እኔም መብራቱን አጥፍቼ እወጣለሁ።