ዝናቡ ሲያባራ

የጉለሌ ልጅ ነኝና በረዶን የማውቀው በክረምት የቆርቆሮ ጣራችንን ሲደበድብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ከሁሉ አስቀድማ ከጓሯችን በላይ ያለውን የእንጦጦ ተዳፋት ትመለከት ነበር። «ተራራ የሚፈራው ዝም ሲል ነው» ትለን ነበር።

የአባባሏን ምሥጢር የተረዳሁት ስለ አልፕስ ተራሮች የበረዶ ናዳ ባነበብሁ ጊዜ ነው። በዚያ ነፋስ እንደ ጥጥ የሚረግፈውን በረዶ ከአንዱ የተራራ ገጽ ጠርጎ ከነፋስ በተከለለው ገጽ ላይ ይከምረዋል። ክምሩ ከሥሩ ባለው ደካማ ንብርብር ላይ አርፎ፣ ከላይ ለስላሳና ሰላማዊ መስሎ ይቆያል፤ የአንድ መንገደኛ ክብደት ግን ሊንደው ይችላል።

በእኛ አገር ተዳፋቱን የሚያከብደው ዝናብ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ራሳቸው በተከታዩ ናዳ ተቀበሩ፤ በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የወገን ጩኸት ሲሰማ ሮጦ መድረስ ወጋችን ነው፤ አይቅርብን። ነገር ግን ሌላው ሲቆፍር አንዱ ዓይኑን ከተራራው አይንቀል። እናቴ ዛሬ የለችም፤ ዝናቡ ሲያባራ ተዳፋቱን የምመለከተው እኔ ነኝ።